ሦስት ጣት ወደ ቀኝ

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። እሱ በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን የሚመታ ረጅም ሰው ነበር፤ ሰፈሩ «ቀጭኔ» ይለዋል። እሷ ደግሞ አጭር ናት፤ አጠገቡ ስትቆም ክርኑ ጋ ነበር የምትደርሰው። አንድ ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ «አንቺ እኮ ከእኔ ላይ ተንጠባጥበሽ የወደቅሽ ጠብታ ነሽ» አላት። ተሳቀ፤ ስሙም እዚያው ተጣበቀባት። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭኔ ባህር ላይ ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መሥሪያ ቤትም፣ ዳቦ ቤትም፣ ወደብም ግን እስከ ዛሬ ጠብታ ነው የሚሏት።

ሥራዋ ባህሩን መለካት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ባህር ገብቶ የሚያልቀውን ረጅሙን የሲሚንቶ መንገድ እስከ ጫፉ ትሄዳለች። ባልዲ በገመድ ታወርዳለች፤ በወጣው ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክራ እስከ ስልሳ ትቆጥራለች፤ ቁጥሩን በእርሳስ ትጽፋለች። እስክሪብቶ ጨው አይችልም። ከዚያ ምሰሶው ላይ የሚሽከረከረውን የነፋስ መለኪያ አንብባ ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ መስኮቱን ጨው ስለሚያለብሰው በየሁለት ቀኑ መወልወል አለባት። አንዱን ግድግዳ እንዳለ የባህር ካርታ ይዞታል። ከሌላው ግድግዳ በስተጀርባ የነፍስ አድን ጀልባዋ ሠራተኞች ክፍል አለ፤ መሃላቸው ያለው ሳንቃ ብቻ ስለሆነ ሳላቸው ሳይቀር ይሰማታል።

ያቺን ጀልባ ሃያ ስድስት ዓመት በአዛዥነት የመሩት የጠብታ አባት ነበሩ።

ቀጭኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። የጠፋ ቀን፣ የጠገነውን ሞተር ሊሞክር በአንዲት ትንሽ ክፍት ጀልባ ብቻውን ወጣ። የሰሜኑ ነፋስ ከተነሳ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እናቱ «ቁጭ ብለህ ብላ» ቢሉት «ቁጭ ካልኩ አልነሳም እማዬ፤ ይሄን እግር አጥፎ መዘርጋት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል» ብሎ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ከቀትር በፊት አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሩቅ አየው። ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘ። ዓሣ አጥማጁ ሰላምታ መስሎት እሱም አወዛወዘለትና መንገዱን ቀጠለ። ሰውዬው ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ ድምፁ ይሰበራል።

ነፋሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ጠረፉን ታኮ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ አባቷ ጀልባዋን ወደ ደቡብ አዞሩ። አራት ቀን ሙሉ ዳር ዳሩን ሄደው እያንዳንዱን ጥግ፣ እያንዳንዱን የቋጥኝ ስንጥቅ አሰሱ። ሠራተኞቹ በተራ ሲተኙ እሳቸው መሪውን አልለቀቁም። እናቷ ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ዳር ቆሙ። ወሩ የሙቀት ወር ነበር። ሌላ ጊዜ ልጆች ሲንቦራጨቁበት የሚውሉት ውሃ ግን እግር ይቆርጣል። «ባህሩ ልጄን ውጦ ቀዘቀዘ» አሉ። ከዚያም በኋላ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ደጋገሙት። ሰዉም ሐዘን ያናገራቸው መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው።

በአምስተኛው ቀን ነፋሱ ቆመ። ጀልባው አልተገኘም፤ መቅዘፊያው አልተገኘም፤ የቀጭኔ አንድ ጫማ እንኳ አልተገኘም። አባቷ ጀልባዋን አሰሩ፤ ቁልፉን ለምክትላቸው ሰጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሲሚንቶውን መንገድ ረግጠው አያውቁም። ቤት፣ መስኮት አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ይውላሉ። አጠገባቸው የነፍስ አድኖቹን ንግግር የሚይዝ አሮጌ ሬዲዮ አለ። «የአየር ሁኔታ ልሰማበት ነው» ይላሉ። የአየር ሁኔታ የሚነገረው በሌላ ጣቢያ መሆኑን እናቷም ጠብታም ያውቃሉ።

ጠብታ ወደዚህ ሥራ የገባችው ወንድሟ ከጠፋ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለአዲሶቹ ሁሉ የሁለት ሳምንት ትምህርት ተሰጠ። አስተማሪዋ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ነበረች፤ ጠመኔውን አስቀምጣ ሁሉን ነገር በእጇ ነበር የምታሳየው።

«ነፋስ ውሃን ይገፋል» አለች በሦስተኛው ቀን። «ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ግን ውሃው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ቀጥ ብሎ አይሄድም። እሱ ሲጓዝ ምድር ከሥሩ እየዞረች ስለሆነ መንገዱ ይጠመዘዛል። እኛ ባለንበት የምድር ግማሽ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዘዘው። እስቲ ተነሱ። ጀርባችሁን ለሰሜን ስጡ። ቀኝ እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ።»

ተነስተው ዘረጉ። የአሥራ ሁለቱም ሰዎች ቀኝ እጅ በመስኮቱ በኩል ወደ ጥልቁ ባህር አመለከተ።

«አያችሁ? በዚህ ጠረፍ የሰሜን ነፋስ ሲበረታ ላይኛው ሞቃት ውሃ ከዳር ይርቃል። ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣና ይተካዋል። ከነፋስ በኋላ ዓሣ የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ ከታች የሚመጣው ውሃ ምግብ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ጠብታ እጇን ሳታወርድ «ቅዝቃዜው በስንት ቀን ነው ዳር የሚደርሰው?» ብላ ጠየቀች።

«ነፋሱ ካልተወ በሁለት በሦስት ቀን። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለች።

እንዲያው አልነበረም። ፈቃድ ጠይቃ ወጣችና መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። እናቷ አራት ዓመት ሙሉ የለቅሶ ቃል አድርገው ሲናገሩት የኖሩት ነገር፣ ለካ ልክ ነበር። ውሃው የቀዘቀዘው ላይኛው ውሃ ወደ ውጭ ስለሄደ ነው። ወንድሟም የነበረው እዚያው ላይኛው ውሃ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልለቅ አላት። የእንጨት ቁራጮችን ብርቱካናማ ቀለም ቀባች፤ ቁጥርና የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ጻፈችባቸው፤ «ያገኘኸኝ ሰው፣ የት እንዳገኘኸኝ ጻፍልኝ» የሚል ጨመረችበት። የሰሜን ነፋስ በተነሳ ቁጥር ዓሣ አጥማጆቹን እየለመነች፣ ቀጭኔ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ላይ አስጣለቻቸው። ግማሾቹ ቀላል ሆነው ከውሃው በላይ የሚንሳፈፉ ናቸው። ግማሾቹን ግን ከሥራቸው ብረት አስራ፣ ጠልቀው ጫፋቸው ብቻ እንዲታይ አደረገቻቸው። ቀላሎቹን ነፋሱ እየነዳ ወደ ደቡብ ጠረፍ ወሰዳቸው፤ ሰዎች ከአሸዋው ላይ እየለቀሙ አመጡላት። የጠለቁት ከውሃው ጋር ሄዱ። ጠልቀው ከሄዱት ስልሳ ቁራጮች የአራቱ ወሬ ብቻ ከወራት በኋላ ተሰማ፤ አራቱም የተገኙት ከጥልቁ ባህር ማዶ ባሉት ደሴቶች ላይ ነው። አንዲት ሴት «አሸዋ ላይ አግኝተነው የበር ማቆሚያ አድርገነዋል፤ ከፈለጋችሁት እንልካለን፤ በሩ ግን ይናፍቀዋል» ብላ ጻፈች። ጠብታ ሳቀች። ከዚያ ቀጭኔ ይህን ቢሰማ እንዴት እንደሚስቅ አሰበችና ደብዳቤውን አጥፋ አስቀመጠችው።

ትንሽ ክፍት ጀልባ ሞተሩ ሲቆም ማዕበል ይገባበታል። እንጨት ስለሆነ ቶሎ አይሰጥምም፤ ውሃ ሞልቶት፣ ጠርዙ ብቻ እየታየ ይንሳፈፋል። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ውሃው የሄደበት ይሄዳል። ጠብታ በአንድ ካርታ ላይ አባቷ ያሰሱትን መንገድ አሰመረች፤ ጠረፉን ታኮ ወደ ታች ይወርዳል። የእሷ ስሌት ግን ከዚያ መስመር እየራቀ፣ እየራቀ፣ ሦስት ጣት ያህል ከነፋሱ ወደ ቀኝ ሄደና ጥልቁ ላይ አንዲት ክብ ሆነ። የነፍስ አድን ጀልባዋ ሦስት ሰዓት ብትሄድ የምትደርስበት ቦታ ነው።

ካርታውን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ለማን ትናገራለች? አራት ቀን ላልተኛ፣ መዳፉ እስኪላጥ መሪ ለያዘ አባት «ሌላ ቦታ ነበር» ይባላል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብላ በሆዷ ያዘችው። ሆዷ ግን አልቻለውም። ጠዋት ጠዋት ባልዲውን ስታወርድ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል። ከሲሚንቶው ጫፍ ደግሞ ቦታው አይታይም፤ ከአድማሱ ወዲያ ነው።

በዚህ ዓመት የሙቀት ወራት ሊያልቁ ሲሉ የሰሜኑ ነፋስ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ነፈሰ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቴርሞሜትሩ በአምስት ዲግሪ ወርዶ አገኘችው። ቁጥሩን ጽፋ ስትመለስ አባቷን እያሰበች፣ መስኮቱን እየወለወለች ትንሽ ቆየች። አራት ሰዓት ላይ ከሳንቃው ወዲያ ጫጫታ ተሰማ።

የጠፋው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከወደቡ በር ፊት ለፊት ነው፤ የከተማውን ወንድ ሁሉ ጭንቅላት ያውቃል። የዕረፍት ቀኑ ስለነበር አማቱን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ሌላ ልጃቸው ሊያደርስ በራሱ ትንሽ ጀልባ ይዟቸው ወጣ። በመኪና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «በውሃ ሃያ ደቂቃ ነው» ብሎ አግባባቸው። ባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ያለው ኮረብታ ነፋሱን ስለሚከልለው ባህሩ የረጋ መስሎት ተታለለ። ከዚያ ለሚስቱ ደወለ፦ ሞተሩ ቆሟል፤ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ወጥተዋል፤ ውሃ እየገባ ነው፤ «እናትሽ በጫማቸው እየቀዱ ያፈሳሉ» እያለ ስልኩ ተቋረጠ።

የጀልባዋ አዛዥ የአባቷ የቀድሞ ምክትል ነው፤ ሃምሳን የተጠጋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ጠብታ ስትገባ የቅርቡን ባህር ብቻ አጉልቶ በሚያሳየው ካርታ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ እንደ ደንቡ ጠረፉን ይዞ ወደ ደቡብ እያሳየ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚያ አይደሉም» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «በምን አወቅሽ?»

«ውሃው ምን ያህል ገብቶበታል?»

«እስከ ጉልበት ደርሷል ነው ያለችው ሚስቱ።»

«እንግዲያው ጀልባው ጠልቋል። ነፋሱ ሳይሆን ውሃው ነው የሚወስደው። ውሃው ደግሞ ዛሬ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ጠዋት ለክቼዋለሁ፤ በአምስት ዲግሪ ወርዷል።»

«ጠብታ፣ ያለኝ አንድ ጀልባ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ነፍስ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ» አለችና እርሳስ አነሳች። በነፋሱ መንገድ መስመር አሰመረችና ከመስመሩ ጫፍ ሦስት ጣቷን ከነፋሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥልቁ አሳረፈች። «በቀጥታ እስከዚህ ሂድ። ከዚህ ጀምረህ ወደ ዳር እየተመለስክ ፈልግ።»

አዛዡ ጣቶቿን ትኩር ብሎ አያቸው። እሱም ያን ጊዜ ጀልባዋ ላይ ነበር፣ አራቱንም ቀን። «ሬዲዮው ጋ ሁኚ፤ አንቺ ነሽ የምትመሪን» ብሎ ካፖርቱን አንስቶ ወጣ።

የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ከጠብታ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠብታ በየግማሽ ሰዓቱ ነፋሱን እያነበበች በሬዲዮ አቅጣጫ ትሰጣለች። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። «ምንም የለም» ይላል አዛዡ።

«ወደ ደቡብ ብንሞክርስ?» አለ በሦስተኛው ሰዓት።

ጠብታ የሬዲዮውን መነጋገሪያ ጨብጣ ካርታውን እንደገና አየች። ሚስትየዋ አፍ አፏን ታያለች።

«ጠብታ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ። ወደ ዳር አትጠጉ። ሰው የጠፋበት እንዲገኝለት የሚመኘው ዳር ላይ ነው፤ ውሃው ግን ምኞት አያውቅም። እዚያው ቆዩ፤ ትንሽ ወደ ታች ውረዱ።»

ይህን ስትናገር ቤት ውስጥ ሌላ ሬዲዮ ተከፍቶ እንደሚውል ፈጽሞ አላሰበችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የአዛዡ ድምፅ መጣ። «ቀይ ነገር ይታየኛል። ሻርፕ ነው። መቅዘፊያ ላይ የታሰረ ሻርፕ።» ከዚያ የሞተሩ ጩኸት ብቻ ይሰማል። «አገኘናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ብርዱ ጎድቷቸዋል። አንቺ ካልሽው ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነው።»

ሚስትየዋ ጠብታን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «እናቴስ? እናቴ ትናገራለች?»

«ይናገራሉ እንጂ» አለ አዛዡ። «ሳንደርስም ይሰማን ነበር። 'አሥር ዓመት ያልሰማኝን ሁሉ ዛሬ ነገርኩት፤ የሚሄድበት የለው' ነው የሚሉት።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ጠብታም ሳቀች። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ደስ ብሏታል፤ ደስታው እውነት ነው። ግን እስከ ዛሬ ያቺ ክብ የእርሳስ ምልክት ብቻ ነበረች፤ «ምናልባት» ነበረች። አሁን ሁለት ሰዎች በዚያው ስሌት ከነነፍሳቸው ተገኙ። እንግዲያው ይቻል ነበር። ግንባሯን ካርታው ላይ አስደግፋ ወንድሟን ናፈቀች፤ እንደ ሙት ሳይሆን ዘግይቶ እንደሚመጣ ሰው፣ እንዲያ አድርጋ ከናፈቀችው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር።

ቤት ስትደርስ ሬዲዮው ተዘግቷል። «ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም» አሉ እናቷ በሹክሹክታ። «ምሳውንም አልነካ።» አባቷ ወደ መስኮቱ እንደዞሩ «ነፋሱ ከሰሜን ነበር?» ብቻ አሉ። «አዎ አባዬ» አለች። «እ» አሉና በዚያው አበቃ።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲውን ስታወርድ ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል አባቷ ናቸው። ጫማቸውን አስወልውለው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጡትን መንገድ እስከ ጫፉ መጥተዋል።

«ሥራሽን ሥሪ፤ አላቋርጥሽም» አሉ።

መቁጠር ጀመረች፤ ሠላሳ ላይ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች።

«ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ያን ጊዜም እናትሽ ቀዝቅዟል ብላ ነበር» አሉ ባህሩን እያዩ። «ትናንት ሰማሁሽ። ቦታውን ወዲያው ነው የነገርሻቸው። ወዲያው የሚባል ነገር የለም ልጄ፤ ሰው እንዲህ ከአፉ የሚወጣለት ብዙ ዘመን ሲያስበው የኖረው ነገር ነው።» ወደ እሷ ዞሩ። «የት ነበር?»

ልትዋሽ አሰበች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፦ «አይታወቅም፤ ባህር ነው» ማለት ብቻ። አባቷ ግን እንደ ልመና ነበር የሚያዩአት። ባልዲውን ይዛ ወደ ቢሮ ወሰደቻቸው፤ መሳቢያውን ከፈተች፤ ካርታውን ዘረጋች። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው፣ የራሳቸውን መንገድ በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች ወረዱ። ከዚያ ጣታቸው ከመስመሩ ወጥቶ፣ ቀስ እያለ፣ ክቧ ላይ ሄዶ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ስድስት ዓመት ይሆናል።»

«ስድስት ዓመት ብቻሽን?»

«ምን ልበልህ አባዬ? አራት ቀን አልተኛህም እኮ።»

አባቷ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ። እናትሽም አታውቀውም። በሁለተኛው ቀን ምክትሌ 'ጋሼ፣ ወደ ውጭ እንሞክር' አለኝ። ነፋሱ ሲበረታ መረብ ወደ ውጭ እንደሚጎተት ማንም አጥማጅ ያውቃል። ቁጥሩን አላውቅም እንጂ ነገሩን እኔም አውቅ ነበር። ተቆጣሁት። ዝም አሰኘሁት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዳር ላይ ከሆነ ቋጥኝ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው፤ እየጠበቀኝ ነው ማለት ነው። ወደ ውጭ ከሄደ ግን...» ካርታውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ልጄን ፈለግሁት የምለው፣ በሕይወት እንዲኖርልኝ በምፈልግበት ቦታ ብቻ ነው።»

አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። ያን ቀንም አላየችም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ወለወሉት እንጂ። ትከሻቸው ላይ እጇን አሳረፈች። ከሳንቃው ወዲያ የአዛዡ ሳል ተሰማ፤ እሱም ሰምቷል ማለት ነው።

«ውሰጂኝ» አሉ አባቷ በመጨረሻ።

ከአምስት ቀን በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ተወ። አዛዡ ራሱ ጀልባዋን አዘጋጀ። ከእሱ ሌላ አባትና ልጅ ብቻ ሊሄዱ ነበር ያሰቡት፤ እናቷን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው አገኟቸው። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፤ እናንተ የተሸከማችሁት ካርታ። ማን ማንን ትቶ ነው የሚሄደው?» አሉ። አራቱም ተሳፈሩ።

ሦስት ሰዓት ተጓዙ። አዛዡ መሪውን ለአባቷ ለቀቀላቸውና ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ዳሩ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ። ጠብታ ካርታዋን እያየች «እዚህ ነው» ስትል አባቷ ሞተሩን አጠፉት።

ምንም የለም። ውሃ ብቻ ነው፤ ከሌላው ውሃ የሚለየው ነገር የለም። እናቷ ዙሪያውን ቃኙ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም እማዬ። በግምት ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ወዲህ ወይ ወዲያ ሊሆን ይችላል።»

«ይሁን። ዳር ቆሞ ከማልቀስ ይሻላል» አሉና እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። «ይሄስ ሞቃት ነው።» ከዚያ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው፣ ቀጭኔ ከማዶ ክፍል የተኛ ይመስል በቀስታ ያወሩት ጀመር። ዓይንህን የጣልክባት የጎረቤት ልጅ አግብታ ሦስት ወልዳለች፤ ወፍራለች፤ ደስተኛ ናት፤ አትዘን አሉት። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት አይሰማም አሉት። እህትህ ገና አላገባችም፤ እንደ አንተ የምትመርጥ ሆና ነው አሉት።

ጠብታ ወደ ውሃው አየች። እዚህ ስትደርስ የምታርፍ መስሏት ነበር። ስድስት ዓመት የናፈቀችው ይህን ቦታ ነበር፤ ደርሳ ስታየው ግን እሱ እዚህም የለም። የፈለገችው ክቧን አልነበረም። የፈለገችው አጠገቡ ቆማ፣ ቀና ብላ እያየችው መጣላት ነበር። አሁን እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

አባቷ «ጀልባዋ እየሄደች ነው» አሉ። «ወዴት ነው የምትወስደን?»

ጠብታ ዓይኗን ጠርጋ ነፋሱን በጉንጯ አዳመጠችው። ለስለስ ያለ፣ ከደቡብ የሚመጣ ነፋስ ነው። ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። «ዛሬ ወደ ዳር ነው። ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን ላይኛው ውሃ ወደ እኛ ይመለሳል።»

«ያው የሄደው ውሃ?»

ለማጽናናት ብላ «አዎ» ልትል ትችል ነበር። «አላውቅም አባዬ» አለች። «ውሃ ይቀላቀላል።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሩን ግን አላስነሱም። ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አራቱም ጀልባዋ ውሃው በወሰዳት በኩል ቀስ እያለች ወደ ዳር ስትሄድ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልተለወጠም፤ አንዳንዱ ግን ተለውጧል። የነፍስ አድኖቹ ክፍል ግድግዳ ላይ አዲስ ደንብ ተለጥፏል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጀልባው ምን ያህል ውሃ ይዟል?» የሚል ነው። አዛዡና አባቷ አንድ ቀን ብቻቸውን ሻይ ቤት ሲገቡ ታይተዋል፤ ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም። ሬዲዮው ወደ ወጥ ቤት ተዛውሮ እናቷ ዜና ይሰሙበታል። ፀጉር አስተካካዩ አማቱን በመኪና ነው የሚያደርሳቸው።

አባቷም አንዳንድ ጠዋት እስከ ሲሚንቶው ጫፍ ይመጣሉ። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ባልዲውን ተቀብለው እንደያዙ «ስለ እሱ አውሪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«የማላውቀውን። ወንድምና እህት ብቻ የሚያውቁት ነገር አይጠፋም።»

ጠብታ ትንሽ አሰበች። «የሩቅ ማያ መነጽርህ ጠፍቶ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ያ ጥቁሩ።»

«እንዴት አይለኝም? ሦስት ዓመት ሙሉ ምክትሌን ስጠረጥር ነበር።»

«ቀጭኔ ነው። ከጀልባዋ ጣሪያ ላይ ሆኖ ጨረቃን ሊያሳየኝ ሲል ከእጁ አምልጦ ባህር ውስጥ ገባ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።»

አባቷ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ያ ምስኪን ሰውዬ» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጠብታ ደንግጣ ስታያቸው እየሳቁ ነበር። «ሌላስ? ሌላ ምን አድርጎኛል?»